ከዳሱ ፊት የተቀበልሁት ግጥም

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ደብረ ታቦርን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ እናቴ ማሲንቆ የሚለውን ስም ከአፏ አታወጣም ነበር። «ያ ነገር» ነበር የምትለው። «ያን ነገር ይዘሽ በጎረቤት ፊት እንዳትታዪ»፣ «ያን ነገር ከእህሉ አርቂው» ትለኛለች። እንዲህ የተጠላ ዕቃ ገበሬ ቤት፣ ያውም በሴት ልጅ እጅ እንዴት ሊገባ ቻለ ብትሉ፣ ነገሩ የጀመረው ከአባቴ ጠመንጃ ነው።

አባቴ አንድ ዓመት ያህል ከአርበኞች ጋር በጉና ግርጌ ሲንከራተቱ ቆይተው፣ እናቴ ታማ ቤቱ ሲፈታ ጠመንጃቸውን አስረክበው ገቡ። ጣሊያን ደግሞ ጠመንጃውን ያስረከበ ሁሉ አንድ ልጁን አዲስ ወደተከፈተው ትምህርት ቤት እንዲሰድ ያዝዝ ነበር። ስሙ ትምህርት ይሁን እንጂ ልጁ መያዣ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ሌላው ወንድ ልጁን ሲሰድ፣ አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራቸውምና እኔን ሰደዱ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሃያ ከምንሆነው ልጆች ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ ነበርን፤ ሁለቱ ቀን ከቀን ያለቅሳሉ፣ እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ከቤት ሥራ ማምለጤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አስተማሪያችን ከሲታ፣ ፂሙ ቀይ፣ ሲያስነጥስ ቤቱን የሚያናጋ ጣሊያን ነበር። ሁሉም ማይስትሮ ይለዋል። መምህር ማለት መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያኔ ስሙ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፊደላቸውን ያስቆጥረናል፣ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። ልቡ ሙዚቃ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ አኮርድዮኑን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ በእጁ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መያዝ አለበት ብሎ ያምን ነበር። ከአገሩ የመጣለት ግን አንድ ከበሮና አራት የቆርቆሮ ዋሽንት ብቻ ስለነበረ፣ የቀረነውን በአገሩ መሣሪያ ላስተምራቸው ብሎ አያ ጥሩነህን አመጣ።

አያ ጥሩነህ አዝማሪ ነበሩ። ያኔ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከገበያ ገበያ መዞሩ ቀርቶ ነበር፤ አርበኛ ያወድሳሉ፣ ወሬ ያቀብላሉ እየተባለ የተያዙት ተይዘው አልተመለሱም። አያ ጥሩነህን ያተረፋቸው ማይስትሮ ነው። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ናቸው የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት አወጣላቸው፤ እሳቸውም ወረቀቱን በቁራጭ ቆዳ ሰፍተው አንገታቸው ላይ እንደ ክታብ አሰሩት። በዚህ ምክንያት ከተማው ፊቱን አዞረባቸው። እናቴማ አዝማሪነቱ ሳያንሰው ባንዳ ሆነ ብላ እሳቸው ሲያልፉ ምራቋን ትተፋለች። አንድ ቀን ስለ ትምህርቱ ሳወራ «እሳቸው» ብል ጆሮዬን ይዛ፣ አዝማሪ አንቱ እንደማይባል ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ አንተ፣ ትምህርት ቤት አንቱ እላቸው ጀመር። ልጅ ተንኮለኛ ነው።

የደብረ ታቦር ከሰዓት በኋላ ብርድ ነው፤ ከጉና በኩል የሚወርደው ጉም ግቢውን ሞልቶ ጓደኛህን በሦስት እርምጃ አታየውም። እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ ያላላዋል፣ የላላ ቆዳ ደግሞ ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሚጀምረው በእሳት ነበር። ቀድሞ የአንድ መስፍን ፈረሶች ይታሰሩበት በነበረው ረጅም ቤት መሀል የጽድ ግንድ ይነድዳል፣ እኛ ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን እያንዳንዳችን ማሲንቋችንን ወደ ፍሙ እንይዛለን፤ ጠጋ ካደረግኸው ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ካራቅኸው አይደርቅም። ቆዳው በጥፍር ሲመታ ጠንከር ያለ ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ መጠበቅ ነው። እኒያን ሰዓቶች አያ ጥሩነህ የሚሞሉልን በተረት ነበር። ያኔ ከጭሱ የተነሳ ዓይናችን እያነባ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ፋኖስ ገና ሳትበራ፣ የፍሙ ቅላት ከአገጫቸው ሥር ሽቅብ እያበራባቸው፣ ዝግ ብለው፣ እንደማይቸኩል ሰው፣ ሙጫውን በፈረስ ጭራው ላይ እያሹ ያወሩልን ነበር። አንድ ተረት አንድ ትምህርት ነው። ስለ ጭራው ተረት ካወሩ የዚያን ቀን የምንማረው ጭራውን መሳብ ነው፤ ስለ ድምፅ ካወሩ ያን ቀን ስንዘፍን እንውላለን።

ስለ «ተቀበል» ያወሩልንን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አልረሳሁትም። አንድ ንፉግ መስፍን ግብር ያበላል አሉ። ሥጋው ትንሽ፣ ጠጁ ውሃ። ከተጋባዦቹ አንዱ ነገሩ አንገፍግፎት «ተቀበል!» ብሎ አዝማሪውን ይጠራና ጌታውን የሚሰድብ ግጥም ይሰጠዋል። አዝማሪው ተቀብሎ፣ አንዲት ቃል ሳይጥል፣ እንደ ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ያዜመዋል። መስፍኑ ሰይፍ ይመዛል። ያን ጊዜ አዝማሪው ሳይደናገጥ በማሲንቆው ደጋን ሰጪውን ያመለክታል። መስፍኑም ሰይፉን ይመልስና ሰጪውን አንድ በሬ ያስከፍለዋል፣ አዝማሪውን ግን አዲስ ሸማ ያለብሰዋል። አያ ጥሩነህ ይህን ሲጨርሱ ሥርዓቱን አስረዱን፦ ማንም ይስጥህ፣ የሰጠህን እንዳለ ትቀበላለህ፣ አትመርጥም፣ አታሻሽልም፤ በግጥሙ የሚጠየቀው የሰጠው ሰው ነው፣ የተቀበለውን ማንም አይነካውም። እኛም በተራ እየተነሳን ግጥም እየሰጠን እየተቀበልን ተለማመድን። ስለ ማይስትሮ ማስነጠስ ብቻ ስንት ተገጠመ መሰላችሁ። እሱም አጠገባችን ቆሞ፣ ምን እንደምንል ሳይገባው፣ በእግሩ ምት እየጠበቀ ይስቃል።

በመቀበል የሚያህለኝ አልነበረም። ይህን ስል እንዳትታዘቡኝ፣ የዛሬ ሰው አይደለሁምና አሁን ብኮራ ምን አገኛለሁ። ግጥሙ በጆሮዬ ይገባና ሳላስበው በአፌ ይወጣል፤ ትርጉሙ ወደ ልቤ የሚደርሰው ካዜምሁት በኋላ ነው። አያ ጥሩነህም ይህን ወደዱልኝ። ከልጆቹ መካከል አዝማሪ የምትሆነው ይህች ናት ሲሉ ሰምቼ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ለእናቴ ነገርኋት። ያን ዕለት እራት አልቀረበልኝም።

ክረምቱ እንደወጣ የጦሩ አዛዥ ለበዓል ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ ነው ተባለ። ማይስትሮ እንቅልፍ አጣ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የአገራቸውን መዝሙር አስጠናን፣ ከዚያም እኔ ብቻዬን ማሲንቆ እንድመታ ተወሰነ። እናቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። አባቴ ግን እምቢ ማለት እንደማይቻል ነግረዋት፣ እኔን ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ቶሎ ጨርሼ እንድወርድ መከሩኝ።

በዕለቱ ግቢው ውስጥ ትልቅ ዳስ ተጥሎ አዛዡና መኮንኖቹ ከሥሩ ተቀመጡ። ከጎናቸው አስተርጓሚው አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ለጣሊያን ያደረ አንድ የአገር ባላባት፣ ካባውን ደርቦ፣ ከአዛዡ ጋር እኩል ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሕዝቡ ታዞ ነው የመጣው፤ ግቢውን ከበው የጣሊያን ወታደሮች፣ ሶላቶዎቹ፣ ቆመዋል። እኛ መዝሙሩን በደንብ ዘመርን። ማይስትሮ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ጠቀሰ። ወጣሁ። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ማሲንቆውን ጭኔ ላይ አቆምሁና አያ ጥሩነህ ያስጠኑኝን የእንኳን ደህና መጣችሁ ዜማ አወጣሁ። አዛዡ በጣቱ ጉልበቱን መታ መታ ሲያደርግ ሳየው የኩራት ሽብር ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

በዚህ መሀል አንዲት ሴት ከሕዝቡ ወጥታ ወደ እኔ መጣች። እመት ዘነቡ ነበሩ፣ ገበያ ላይ ጌሾ የሚሸጡት። ከእሳቸው ነው የምንገዛው፤ ከእናቴ ጋር ስሄድ ሁልጊዜ ጉንጬን ይቆነጥጡኝ ነበር። አንድ ልጃቸውን ጣሊያን ለአርበኞች ስንቅ አቀበልህ ብሎ በዚያው ክረምት ገበያው መሀል ሰቅሎታል። እስኪመሽ እንዳይወርድ ተከልክሎ፣ እሳቸው ከግንዱ ሥር ዝናብ ላይ ተቀምጠው ውለዋል። ከዚያ ወዲህ ጉንጬን ቆንጥጠውኝ አያውቁም። ሶላቶዎቹ አላገዷቸውም፤ አዝማሪ ግንባር ላይ ብር የሚለጥፍ ሰው እንዳለ ያውቃሉና ልትሸልም ነው ብለው ይሆናል። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ግንባሬን ቀና አደረግሁ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ተቀበይኝ ልጄ» አሉኝና ሰጡኝ። ተቀበልሁ። በሙሉ ድምፄ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው ተቀበልሁ፦

«አንድ ልጄን ነጥቆ ከግንድ ላይ ያዋለው፣
ሰውዬው እሱ ነው ከዳሱ ሥር ያለው።»

ሥርዓቱ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለተኛውን ስጀምር ነው ሕዝቡ ጸጥ ማለቱን የሰማሁት። ከሃያ እርምጃ የቆመ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ያን ጊዜ ያልሁት ነገር ገባኝና ክው አልሁ፤ አፌ ግን አልቆመም፣ እጄም አልቆመም፣ እስከ መጨረሻው ሄደ። ስጨርስ አዛዡ አጨበጨበ። ዜማው አስደስቶት ሳቁ በፊቱ ሙሉ ነበር። ማይስትሮም አጨበጨበ። ከእነሱ በቀር ያጨበጨበ የለም። አስተርጓሚው ጫማውን እያየ ዝም አለ፤ ሊያልፈው እንደፈለገ እስከ ዛሬ አምናለሁ። ባላባቱ ግን ጎንበስ ብሎ በአስተርጓሚው ጆሮ አንድ ነገር አለው፣ አስተርጓሚውም ግድ ሆኖበት ለአዛዡ ነገረው።

አዛዡ አልጮኸም። ጓንቱን እያወለቀ ተነሳና መጥቶ ፊቴ ቆመ። አስተርጓሚው ከኋላው ሆኖ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ይህን ማን ሰጠሽ?» አለኝ።

እመት ዘነቡ ወደ ሕዝቡ አልተመለሱም ነበር። አምስት እርምጃ ያህል ርቀው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ እኔን እያዩ ቆመዋል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሬ። ደጋኑን አነሳሁ። በክፋት አልነበረም። ተረቱ ያለው እንዲያ ነው፤ የሚጠየቀው ሰጪው ነው፣ ካመለከትህ ዳንህ፣ ሰጪውም በሬ ከፍሎ ይሄዳል። በሬ ከየት ያመጣሉ ብዬ ማሰቤ ትዝ ይለኛል። ጣሊያን ሥርዓታችንን እንደማያውቅ፣ ይህ ሰው የተረቱ መስፍን እንዳልሆነ የስምንት ዓመት ጭንቅላቴ አልደረሰበትም። ደጋኑ ከጉልበቴ ተነስቶ ወደ እሳቸው ሲዞር ያየሁት በራሴ ዓይን ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

አልደረሰም። አያ ጥሩነህ መቼ ከጀርባዬ እንደመጡ አላወቅሁም፣ ደጋኑን ከእጄ ላይ ቀስ ብለው ወሰዱት። «የሰጣት የለም» አሉ። «ግጥሙ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያስጠናኋት፤ ልጅቱ ምን እንደምትል አታውቅም።»

ማይስትሮ በአገሩ ቋንቋ እየተንተባተበ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ወረቀት እያሳየ ለመነ። አዛዡ ወረቀቱን ከነማሰሪያው በጥሶ ለእሱ ሰጠው። አያ ጥሩነህን ሁለት ሶላቶ ግራና ቀኝ ይዘው ከግቢው አወጧቸው። ወደ እኔ ዞረው አላዩም። ከዚያ አዛዡ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና መዝሙሩ እንደገና ይዘመር አለ።

ማይስትሮ እጁን አነሳ። እኛም ዘመርን። የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሰን ሁለተኛውን ስንይዝ ከግቢው ግንብ በስተጀርባ ተኩስ ተሰማ፣ ሁለት ጊዜ። ከእኛ አንድ ልጅ እንኳ ምት አልሳተም። እኔም አልሳትሁም። ያን ሳስብ ዛሬም በድንጋጤ ከመቀመጫዬ እነሳለሁ፤ ሰው እንዴት በዚያ ሰዓት ምት ይጠብቃል? አስተማሪያችን ተገድለው እኛ እንዴት ሦስተኛውን ክፍል ዘመርን?

ቤት ስንደርስ እናቴ ልብሴን አውልቃ በሞቀ ውሃ አጠበችኝ፣ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እሳቸውን ማን አንስቶ ይቀብራቸው ይሆን» ስትል ሰማሁ። እሳቸው አለች። አባቴ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ጠፍተው ወደ ጫካ ተመለሱ፤ እኔና እናቴም የእናቴ ዘመዶች ዘንድ ወደ ጉና ሸሽተን ጣሊያን እስኪወጣ ከዚያ ከረምን። ማይስትሮ ወደየት እንደሄደ አላውቅም።

እመት ዘነቡን መልሼ ያገኘኋቸው ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ ነው። አስተማሪ ሆኜ ሕፃናትን መዝሙር ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ እናቴን ለቁርጥማቷ ወንዛዬ ፍል ውሃ አድርሼ ስመለስ፣ ሐሙሲት ገበያ ላይ ጌሿቸውን ዘርግተው አየኋቸው። አርጅተዋል። ማን እንደሆንሁ ሳልነግራቸው አወቁኝ። አጠገባቸው ቁጢጥ አልሁና ዓመታት ሙሉ ለማንም ያልተናገርሁትን ተናገርሁ፤ ደጋኑን ወደ እርስዎ ላዞር ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው።

የጌሾውን ቅጠል በእጃቸው እያገላበጡ፣ «አይቼሻለሁ» አሉ። «እስክታመለክቺኝ ነበር የቆምሁ። ልሞት ነበር የመጣሁ፤ ቀሚሴን አጥቤ፣ ንስሐ ገብቼ ነው የመጣሁ። እሳቸው ‹የኔ ነው› ሲሉ ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። እግሬ ወደኋላ ሄደ።» ከዚያ ዓይኔን አይተው፣ «ልጄ፣ ደስ አለኝ» አሉኝ። «ልጄን ቀብሬ፣ መኖር ጠልቼ፣ እንደገና በሕይወት መቆሜ ደስ አለኝ። ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁት።»

እጃቸውን ስሜ ተነሳሁ መሰለኝ። ተሳፍሬ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ቃላቸውን ለራሴ ስደጋግም ነበር፤ የደነገጥሁት በእሳቸው ግን አልነበረም። ከአያ ጥሩነህ የተማርሁት ብዙ ነገር አብሮኝ ኖሯል፤ ቆዳ ማድረቁ፣ ጭራ መሳቡ፣ ሌላው ሌላው ተረት ሁሉ፣ ለተማሪዎቼም አውርቻቸዋለሁ። የዚያን ቀኑን ስሜቴን ግን ድንጋጤ ነው እያልሁ፣ ራሴንም ሰውንም ሳሳምን ኖርሁ። ሰው ሲጠይቀኝም ደንግጬ ነበር እላለሁ። እመት ዘነቡ ያን ቃል ባይናገሩት ኖሮ እስከ መቃብሬ እንደዚያው እል ነበር። አያ ጥሩነህ ደጋኑን ከእጄ ሲወስዱ፣ አዛዡ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ ወደ እሳቸው ሲያዞር፣ ሶላቶዎቹ እኔን አልፈው እሳቸውን ሲይዙ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።